የድሮ ካርቱን ፊልም ለትንሽ ልጅ ይሆናል አይሆንም? እንዴት እንደምንለይ

"ካርቱን እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው" የማይባልበት ቤት የለም። ፊልሙ የድሮ ሲሆን ደግሞ መተማመናችን ይብሳል። እኛም በልጅነታችን አይተነዋል፣ መሳሳም የለበትም፣ ስድብ የለበትም፣ እና ልጆቹን ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠን ወደ ሥራችን እንሄዳለን። ግን የድሮ የጀብዱ ካርቱኖች፣ በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ የወጡት፣ ዛሬ ለሕፃናት ተብለው ከሚሠሩት ብዙዎቹን በክብደት ይበልጣሉ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። እናት ዓይናችን እያየ ትሞታለች። ደም ይፈሳል። ትንሽ ልጅ ብቻውን ይቀርና ለረጅም ደቂቃ የሚያጽናናው አያገኝም።

አታሳዩ ለማለት አይደለም የምጽፈው። ከእነዚህ መሀል ልጆች ሳያዩዋቸው ማደግ የለባቸውም የምላቸው ፊልሞች አሉ። ሐዘንን እንደነሱ በእውነት የሚያሳይ ሥራ አሁን በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ፊልም በመረጥኩ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ለዚህ ልጅ፣ ዘንድሮ፣ ይሆናል ወይ? ይህን ለመመለስ ምን ምን እንደማይ ልንገራችሁ።

ፊደሉን ብቻ አትመኑ

የአሜሪካ ፊልም ላይ "ጂ" የሚል ፊደል ካለ ለማንኛውም ዕድሜ ይሆናል ማለት ነው። "ፒጂ" ካለ ወላጅ አስቀድሞ ይመልከተው የሚል ማሳሰቢያ ነው። ይህ አሠራር የተጀመረው በ1968 ነው። እነ ፒኖኪዮ (1940) እና ባምቢ (1942) ሲወጡ ምንም ደረጃ አልነበራቸውም፣ ያገኙት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። "ፒጂ-13" የሚባለው ደግሞ የመጣው በ1984 ነው። ከዚያ በፊት መሀል ላይ የሚቀመጥ ደረጃ ስላልነበረ "ጂ" እና "ፒጂ" ውስጥ ብዙ ከባድ ነገር ይገባ ነበር።

"ዘ ሲክሬት ኦፍ ኒም" የሚባለውን የ1982 ፊልም እንውሰድ። ባሏ የሞተባት አንዲት አይጥ የታመመ ልጇን ለማትረፍ የምትደክምበት ታሪክ ነው፣ ሥዕሉ ዛሬም ያስደንቃል። ደረጃው "ጂ" ነው። ውስጡ ግን በስለት መወጋጋት አለ፣ ደም አለ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ መርፌ የሚወጉ እንስሳት አሉ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ጭቃ ውስጥ እየሰመጠ ሲሄድም ይታያል። ለ9 ዓመት ልጅ ድንቅ ፊልም ነው። የ4 ዓመት ልጅ ግን ያን ቤት ሲሰምጥ አይቶ ማታ እንቅልፍ ቢያጣ አይፈረድበትም።

እንግሊዝ አገርም እንዲሁ ነበር። "ዋተርሺፕ ዳውን" በ1978 ሲወጣ ለሁሉም ዕድሜ የሚሆነው "ዩ" የተባለው ደረጃ ተሰጠው። ጥንቸሎች ሲቧጨሩ፣ ሲናከሱ፣ ጉድጓድ ውስጥ ታፍነው ሲሞቱ የሚያሳይ ፊልም ነው። መርማሪዎቹ ያኔ ሥዕል መሆኑ ዘግናኝነቱን ያለዝበዋል ብለው አሰቡ። ወደ "ፒጂ" ከፍ የተደረገው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዲዝኒም ራሱ በ1985 "ዘ ብላክ ኮልድረን" የሚባል ሙታን ከድስት ውስጥ ተነስተው የሚዘምቱበት ፊልም አውጥቷል። ከመውጣቱ በፊት በጣም ያስፈራል ተብሎ ደቂቃዎች ተቆርጠውለት እንኳ ከዲዝኒ አኒሜሽኖች የመጀመሪያው "ፒጂ" ሆነ።

የኔ ልማድ እንዲህ ነው። ከ1990 በፊት የወጣ ካርቱን "ፒጂ" ከሆነ ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ አልከፍተውም። "ጂ" ከሆነ ደግሞ ምንም እንዳልተነገረኝ ቆጥሬ ራሴ አያለሁ።

ብዙዎቻችን ደግሞ ፊልሙን የምናገኘው ከሰው ፍላሽ፣ ከቴሌግራም ወይም ከዩቲዩብ ነው። እዚያ ፊደሉም የለም። ስሙንና የወጣበትን ዓመት ካወቃችሁ ግን ኢንተርኔት ላይ ብዙ ታገኛላችሁ። "ኮመን ሴንስ ሚዲያ" የሚባለው ድረ ገጽ ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ ይዘረዝራል፣ ዕድሜም ይጠቁማል። "አይኤምዲቢ" ላይ እያንዳንዱ ፊልም ለወላጆች የተለየ ክፍል አለው፣ አስፈሪ ትዕይንቶቹ አንድ በአንድ ተጽፈውበታል። "ዳዝ ዘ ዶግ ዳይ" የሚባለው ደግሞ ውሻው ይሞታል ወይ፣ ወላጅ ይሞታል ወይ እያለ ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣል። እነዚህን ስታነቡ ዝርዝሩን ያዙ፣ የዕድሜውን ቁጥር ግን እንደ ፍርድ አትውሰዱት። የጻፉት ሰዎች የእናንተን ልጅ አያውቁም፣ የነሱን ቤት የሚያሳስበውና የኛን ቤት የሚያሳስበውም ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ተጠንቀቁ። "ዘ ላንድ ቢፎር ታይም" የሚባለው የዳይኖሰሮች ፊልም ከ1988ቱ በኋላ 13 ተከታይ ክፍሎች ወጥተውለታል። ተከታዮቹ ዘፈን የበዛባቸው፣ ለስለስ ያሉ የሕፃናት ፊልሞች ናቸው። የመጀመሪያው ግን ሌላ ነው። ልጁ ቁጥር 5ን ወዷል ተብሎ ቁጥር 1 አይከፈትለትም። ወደዚህ ፊልም እመለሳለሁ።

ትንሽ ልጅ የሚፈራው እኛ የምንፈራውን አይደለም

ጆአን ካንተር የሚባሉ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ልጆችን ፊልምና ቴሌቪዥን ላይ ምን እንደሚያስፈራቸው ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። ካገኙት ውስጥ ለወላጅ በጣም የሚጠቅመው ይሄ ነው፦ ትምህርት ቤት ያልገቡ ልጆችን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራቸው መልክ ነው። ፊት፣ ጥርስ፣ ዓይን፣ ድምፅ። ያ አስፈሪ ፊት የማን ነው፣ ደግ ነው ወይስ ክፉ የሚለው ኋላ ነው የሚመጣው። "ዘ ኢንክሬዲብል ሐልክ" የተባለው ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ጊዜ ትንንሾቹን ክፉኛ ያስፈራቸው የነበረው ሰውየው ወደ አረንጓዴው ግዙፍ ፍጡር የሚለወጥበት ቅጽበት ነው። ሐልክ ሰው የሚያድን ጀግና ነው፤ ለነሱ ግን ይህ ብዙም ለውጥ አላመጣም። 8 ዓመት አካባቢና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ፍርሃቱ ቦታ ይቀይራል። ያኔ የሚያስጨንቃቸው በእውነት ሊደርስ የሚችል ነገር ነው፦ እሳት፣ ሌባ፣ ሰው መጥፋት፣ የወላጅ ሞት።

ስለዚህ ለትንሹ ልጅ ስትመርጡ መጀመሪያ የምትፈልጉት መለወጥን ነው። የድሮ ካርቱኖች በዚህ የተሞሉ ናቸው። በ1937ቱ ስኖው ዋይት ንግሥቲቱ ወደ አስቀያሚ አሮጊት ትለወጣለች፣ እጇ ሲኮማተር በቅርብ ይታያል። ፒኖኪዮ ውስጥ ልጆች ወደ አህያነት ሲለወጡ አንደኛው ልጅ "እማዬ" እያለ ይጮኻል፣ ድምፁም መሀል ላይ የአህያ ይሆናል። እኔ ይህን ትዕይንት ከጠቅላላው የድሮ ካርቱን ሁሉ ከባዱ ነው እላለሁ።

በኛ ቤቶች ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፦ ቋንቋው። ፊልሙ እንግሊዝኛ ነው፣ ልጁ የሚሰማው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ነው። ትልቅ ሰው አስፈሪውን ትዕይንት የሚችለው መሀል ላይ በሚነገረው ቀልድና ማጽናኛ ነው። ቋንቋውን የማይሰማ ልጅ ግን ያ ሁሉ ይቀርበታል፣ የሚደርሰው ሥዕሉና ሙዚቃው ብቻ ነው። ጎበዝ አዋቂ ገጸ ባሕርይ መጥቶ "ጥፋቱ ያንተ አይደለም" ቢልም አይሰማውም። በዚህ ምክንያት ኢንተርኔት ላይ "ከ5 ዓመት ጀምሮ" የተባለ ፊልም ቋንቋውን ለማይሰማ ልጅ 6 ወይም 7 ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው አሜሪካ ወይም አውሮፓ የሚያድግ ልጅ ንግግሩን ከወላጁ ቀድሞ ይሰማል። እዚያ ያሉ ወላጆች ሥዕሉን ብቻ አይተው "ቀላል ነው" ያሉት ፊልም ውስጥ ልጁ የሰማው ከባድ ንግግር ሊኖር ይችላል።

ሙሉውን ለማየት ጊዜ ከሌላችሁ

አብዛኞቹ ፊልሞች ከ70 እስከ 90 ደቂቃ ናቸው። አስቀድሞ ሙሉውን ማየት ጥሩ ነበር፣ ግን ሥራ ውሎ ለሚገባ ሰው ይሄ አይሆንም። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። የመጀመሪያውን 15 ደቂቃ ተዉት፣ ከ15ኛው እስከ 40ኛው ደቂቃ ያለውን እየዘለላችሁ እዩ። የድሮ የጀብዱ ፊልም ወላጅን የሚገድለው ወይም ልጁን ከቤተሰቡ የሚለየው ብዙውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው፣ ጀብዱው እንዲጀመር ልጁ ብቻውን መቅረት አለበትና። ከዚያ የመጨረሻውን 15 ደቂቃ ሳትዘሉ እዩ። ክፉው እንዴት እንደሚያልቅ እዚያ ነው ያለው። በ1999ኙ "ታርዛን" ለምሳሌ፣ ሙሉ ፊልሙን በሰላም ያየ ልጅ መጨረሻ ላይ ክፉው ሰውዬ በሐረግ ታንቆ ሲንጠለጠል ጥላውን ያያል። ለአንድ አፍታ ብቻ ነው፣ ግን ይታያል።

ስታዩ ድምፁን አጥፉት። ቋንቋውን የማይሰማው ልጅ የሚያየው ይሄንን ነው። ከዚያ አስፈሪ የመሰላችሁ ቦታ ላይ ድምፁን መልሱና አንዴ ድገሙት። አንዳንዴ ሥዕሉ ቀላል ሆኖ ሙዚቃው ነው ልጁን የሚያስጨንቀው። ያኔ መፍትሔው ቀላል ነው፣ ሪሞቱን ይዛችሁ ድምፁን መቀነስ።

ሞቱ እንዴት ነው የሚመጣው?

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ዋናው ነገር ይሄ ነውና። በ2014 የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ቢኤምጄ ላይ አንድ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከስኖው ዋይት እስከ 2013ቱ ፍሮዝን ድረስ 45 ታዋቂ የልጆች አኒሜሽን ፊልሞችን ለአዋቂ ከተሠሩ ድራማ ፊልሞች ጋር አነጻጸሩ። የልጆቹ ፊልሞች ላይ ዋና ገጸ ባሕርይ የመሞት ዕድሉ 2.5 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ካርቱን ላይ ሞት መኖሩን ትተን አመጣጡን እንይ። ሦስት ፊልሞችን ላወዳድር።

ባምቢ ላይ የትንሹ አጋዘን እናት ስትሞት አትታይም። ተኩስ ይሰማል፣ በረዶው ይወርዳል፣ ልጁ ይጣራል። አባትየው መጥቶ እናትህ ከእንግዲህ ካንተ ጋር ልትሆን አትችልም ይለዋል። ወዲያው ፀደይ ይሆናል፣ ወፎች ይዘምራሉ። በጣም ትንሽ ልጅ ምን እንደሆነ ላይገባው ይችላል፣ ብዙዎቹም "እናቱስ የት ሄደች?" እያሉ እስከ መጨረሻው ይጠይቃሉ።

"ዘ ላየን ኪንግ" (1994) ላይ የአባትየው አንበሳ ሞትም ሬሳም ይታያል። ግልገሉ አባቱን ለመቀስቀስ ይሞክራል፣ ከክንዱ ሥር ገብቶ ይተኛል። ከዚያ አጎትየው መጥቶ ጥፋቱን በልጁ ላይ ያደርግና ሂድ፣ አትመለስ ይለዋል። ሳቅና ዘፈን ቶሎ ይመጣል፣ ስለዚህ ሐዘኑ ራሱ አይረዝምም። እኔን የሚያሳስበኝ ያ የጥፋተኝነት ንግግር ነው። ከ3 እስከ 6 ዓመት ያለ ልጅ መጥፎ ነገር ሲከሰት "በኔ ምክንያት ነው" ብሎ ለማሰብ ቅርብ ነው። አጎትየው እንደዋሸ ለትልቅ ልጅ ግልጽ ነው፤ የ4 ዓመቱ ግን ሊያምነው ይችላል። ይህን ፊልም ለትንሽ የምታሳዩ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ አቁማችሁ በአማርኛ ንገሩት፦ "ውሸቱን ነው። ልጁ ምንም አላጠፋም።" እስከ መጨረሻ አትጠብቁ።

አሁን ወደ 1988ቱ "ዘ ላንድ ቢፎር ታይም" ልመለስ። ዳይሬክተሩ ዶን ብሉዝ ነው፣ ስቲቨን ስፒልበርግና ጆርጅ ሉካስ ፕሮዲውስ ካደረጉት ውስጥ ናቸው፣ ርዝመቱ 69 ደቂቃ ብቻ ነው። ከመውጣቱ በፊት ልጆችን በጣም ያስፈራል ተብሎ ብዙ ትዕይንት ተቆርጦለታል። ታሪኩ ሊትልፉት የሚባል ረጅም አንገት ያለው ትንሽ ዳይኖሰር ነው። ሥጋ በሉ አውሬ ያሳድደዋል፣ እናቱ ልታድነው ትዋጋና ክፉኛ ትቆስላለች፣ ምድር ይሰነጠቃል፣ ከአያቶቹ ይለያል። ከዚያ እናትየው በዝናብ ውስጥ ተኝታ ልጇን እያናገረች ትሞታለች።

ከሌሎቹ የሚለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሐዘኑ ቶሎ አያልፍም። አንድ ሽማግሌ ዳይኖሰር ያጽናናዋል፣ እሱ ግን አይበላም፣ አይጫወትም። በኋላ የራሱን ጥላ ዓለት ላይ አይቶ እናቱ መስላው እየሮጠ ይሄዳል፣ ሲደርስ ጥላው እያነሰ እያነሰ ዓለቱ ብቻ ይቀራል። ይህ ትዕይንት ደም የለውም፣ ጩኸት የለውም፣ "አስፈሪ ትዕይንቶች" የሚል ዝርዝር ውስጥም ላይገባ ይችላል። ለልጅ ግን ከአውሬው ይከብዳል። እኔ ለዚህ ፊልም 6 ዓመት እላለሁ፣ አብሮ ከሚቀመጥ ትልቅ ሰው ጋር። በዚያ ዕድሜ ደግሞ በጣም ጥሩ ፊልም ነው። ልጁ ጓደኞች ያገኛል፣ ዘራቸው የተለያየ ትንንሾች አብረው መሄድን ይለምዳሉ፣ መጨረሻ ላይ አያቶቹን ያገኛቸዋል። ሐዘን ጊዜ እንደሚወስድና ሰው እያዘነም መራመድ እንደሚችል ያሳያል። ይህን ለልጅ በቃል ማስረዳት ከባድ ነው።

ከሦስቱ የወጡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው። ሞቱ ይታያል ወይስ ይነገራል? ከሞቱ በኋላ የሚያቅፈው ሰው በስንት ደቂቃ ይመጣል? ልጁ ራሱን ይወቅሳል ወይ? መጨረሻ ላይ የጠፋው ቤተሰብ ቢያንስ በከፊል ይመለሳል ወይ? ሁለተኛውን ከሁሉ በላይ ተመልከቱት። ትንሽ ልጅ ከባድ ነገርን ይችላል፣ ማጽናኛው ቶሎ ከመጣ።

ሳይፈታ የሚቀር ነገርም አለ። ፒኖኪዮ ላይ ወደ አህያነት የተለወጡት ልጆች አይድኑም። ያን ያደረገው ሰውም አይቀጣም። ፊልሙ ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። እኛ ረስተናቸው ፒኖኪዮ አባቱን ሲያገኝ ደስ ይለናል፣ ልጆች ግን አይረሱም፦ "ሌሎቹ ልጆችስ?" መልሱን አስቀድማችሁ አስቡበት። ፊልሙ አልነገረንም ብሎ መመለስም ይቻላል፣ ከዚያ "አንተ ብትሆን እንዴት ታድናቸው ነበር?" ብሎ መጠየቅ።

ሲጋራ፣ መጠጥና የጥቁር ሰው ሥዕል

እዚያው ፒኖኪዮ ላይ ልጆች ሲጋራ ያጨሳሉ፣ ቢራ ይጠጣሉ። ፒኖኪዮን ያመዋል፣ ስለዚህ ትምህርት አለው፣ ግን ትንሹ የሚይዘው ማጨሱን ነው። ትንሹ ዝሆን ዳምቦም (1941) ሳያውቅ ይሰክራል። ይህ ብዙ አያሳስበኝም፣ ሁለት ቃል ተናግሮ ማለፍ ይቻላል።

የሰው አሳሳሉ ግን ያሳስበኛል። ዳምቦ ላይ በዝናብ ድንኳን የሚተክሉት ጥቁር ሠራተኞች ፊት የላቸውም፣ ጭቁን ሆነው ደስ ብሎን እንሠራለን ብለው ይዘፍናሉ። ፒተር ፓን (1953) የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች መሳለቂያ ያደርጋል። ዲዝኒ ራሱ በ2020 እነዚህ ፊልሞች መጀመሪያ ላይ ይህ አሳሳል ያኔም ስህተት ነበር፣ አሁንም ስህተት ነው የሚል ማስታወቂያ አድርጎ ነበር። ከፍላሽ ላይ ለሚያይ ልጅ ያ ማስታወቂያ የለም። ጥቁር ልጅ ለምናሳድግ ሰዎች፣ በተለይ ልጁ በቆዳው ቀለም ጥያቄ በሚጠየቅበት አገር ከሆንን፣ ይህ ከአውሬ ጥርስ ያነሰ ጉዳይ አይደለም። የ4 ዓመት ልጅ ሊተች አይችልም፣ ዝም ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን "ይህ ለምን እንዲህ ተሣለ?" ብለን መነጋገር ወደምንችልበት ዕድሜ፣ 8 ወይም 9 አካባቢ፣ ማዘግየት ይሻላል ባይ ነኝ።

የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ስለሆነ ብቻ የሚከፈትም አለ። "ዘ ፕሪንስ ኦፍ ኢጅፕት" (1998) በኛ ሰው ዘንድ የተወደደ ነው፣ መወደዱም ይገባዋል። ሙሴ ከእናቱ ሲለይ፣ የበኩር ልጆች ሲሞቱ፣ ፈርዖን በሞተ ልጁ ሲያዝን ይታያል። "ፒጂ" የተሰጠው በምክንያት ነው። ታሪኩን በቤተ ክርስቲያን ወይም ከአያቱ የሰማ ልጅ እንኳ፣ መስማትና በዓይን ማየት ይለያዩበታል።

ልጃችሁን ጨምሩበት

እስካሁን ያልኩት ስለ ፊልሙ ነው። አሁን ልጁ። በቅርቡ ሰው የሞተበት ቤት ነው? እናቱ ወይም አባቱ አረብ አገር ለሥራ ሄደዋል? ቤተሰቡ ቤት ወይም አገር ሊለቅ ነው? እናቷን በስልክ ብቻ የምታይ ልጅ ሊትልፉት ጥላውን ሲያሳድድ ብታይ፣ ለሷ የዳይኖሰር ታሪክ አይሆንም። "አን አሜሪካን ቴይል" (1986) ከሩሲያ ወደ አሜሪካ የሚሰደዱ አይጦች ታሪክ ነው፣ ትንሹ ልጅ በማዕበል ከመርከብ ይወድቅና ከቤተሰቡ ይጠፋል፣ ቤተሰቡም ሞቷል ብሎ ያለቅሳል። መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። ስደት ላይ ላለ ቤተሰብ ልብ የሚነካ ነው፣ ጉዞው ካለፈና ልጁ ከተረጋጋ በኋላ ቢታይ ይጠቅማል። ሊጓዙ ሳምንት ሲቀራቸው ግን አላሳይም።

ከዚህ ሌላ፣ ልጁ ምን ላይ ይደነግጣል የሚለውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ነጎድጓድ የሚፈራ አለ፣ ውሻ የሚፈራ አለ። አንዱ አውሬውን አይቶ ይስቃል፣ ሌላው አሻንጉሊት ሲጠፋ ያለቅሳል። ታላቅየው በ5 ዓመቱ አየው ማለት ታናሽየዋም ትችለዋለች ማለት አይደለም። በዓል ሲሆን ደግሞ የአክስት ልጆችም የጎረቤት ልጆችም አንድ ክፍል ይሰበሰባሉ፣ የሚከፈተውም ትልልቆቹ የመረጡት ነው። እንዲህ ባለ ቀን ለትንሹ የሚሆነውን አስቀድማችሁ መክፈት ነው፣ ትልልቆቹ ቢያጉረመርሙም።

ሲያዩ አብሮ መቀመጥ

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው ምክር ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች የስክሪን ጊዜ በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ሲያንስ ደግሞ የተሻለ እንደሆነ ይላል። ስለዚህ ለነሱ ፊልሙን ለሁለት ቀን ክፈሉት። የት እንደምታቆሙ ግን ምረጡ። ሞት ወይም መለያየት ላይ አታቁሙ፣ ሌሊቱን ሙሉ እሱን ይዞ ያድራል። ጓደኛ ያገኘበት ወይም ተመግቦ የተኛበት ቦታ ላይ አቁሙ። ማታ ከመኝታ በፊት ደግሞ አዲስ ፊልም አይጀመር፣ ቅዳሜ ከሰዓት በብርሃን ይሻላል።

ልጁ ሲፈራ ሁላችንም የምንለው አንድ ነው፦ "አይዞህ፣ ውሸት እኮ ነው!" ከ7 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህ ብዙም አይሠራም። የካንተር ጥናቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፣ ትንንሾቹን ማብራሪያ ሳይሆን አካል ነው የሚያረጋጋቸው። እቅፍ፣ ብርድ ልብስ፣ የሚጠጣ ነገር፣ ዓይንን መሸፈን። ዓይኑን በእጁ ከሸፈነ አትሳቁበት፣ እጁንም አታውርዱ፣ ራሱን እየጠበቀ ነው። "ወንድ ልጅ አይፈራም" የሚለውን እባካችሁ እንተወው። እንዲህ የተባለ ልጅ መፍራቱን አይተውም፣ መናገሩን ነው የሚተወው፣ እኛም የምናይበት ምልክት ይጠፋል። ምልክቶቹ ደግሞ ጸጥ ያሉ ናቸው፦ ሰውነቱ ይደርቃል፣ ዓይኑ አይርገበገብም፣ ድንገት ሽንት ቤት ልሂድ ይላል፣ ወይም ስለሌላ ነገር ማውራት ይጀምራል። ልሂድ ካለ ይሂድ። አጥፉት ካለ ወዲያው ይጠፋል፣ "ትንሽ ቆይ፣ አሁን ያልፋል" ሳይባል።

በማግስቱ ስለፊልሙ ሲጫወት አዳምጡት። የእናትየውን ሞት በአሻንጉሊት ደጋግሞ ቢጫወት አትደንግጡ፣ ልጆች ከባድ ነገርን የሚፈጩት እንዲህ ነው። እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ብቻውን ሽንት ቤት መሄድ ከተወ፣ ወይም ከእናቱ አልለይም ካለና ይህ ሳምንታት ከቆየ ግን ፊልሙን ለጊዜው ከቤት አርቁት፣ የሕፃናት ሐኪምም አማክሩ።

የመጀመሪያው ጀብዱ የትኛው ይሁን ለምትሉኝ፣ "ማይ ኔበር ቶቶሮ" የተባለውን የ1988 የጃፓን ፊልም እመርጣለሁ። ክፉ ሰው የለበትም። እናትየው ሆስፒታል ናት፣ መጨረሻ አካባቢ ትንሿ ልጅ ትጠፋለች፣ ኩሬ ውስጥም ጫማ ተገኘ ይባላል፣ ግን የሷ አይደለም፣ ጭንቀቱም ቶሎ ይፈታል። ቋንቋ ሳይሰሙም ይገባቸዋል። ከዚያ ቀጥሎ "ኪሪኩ" (1998)፣ በምዕራብ አፍሪካ መንደር የሚኖር በጣም ትንሽ ልጅ ጠንቋይቱን የሚጋፈጥበት፣ ልጅነቱን በጊኒ ባሳለፈው ፈረንሳዊ ሚሼል ኦስሎ የተሠራ ነው። ጥቁር ልጅ በጥበቡ ጀግና የሚሆንበት የድሮ ካርቱን ብዙ የለም። ሕፃኑ ራቁቱን ነው፣ ሴቶቹም ከወገብ በላይ አልለበሱም፣ በመንደሩ ልማድ እንጂ በሌላ ዓይን አልተሣለም። አያት አብረው የሚያዩ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ መሀል ላይ ተነስተው እንዳያጠፉት።